የቀለበቱ ፈርጥ

ሰፈሩ «ጋሽ ራጅ» ይላቸዋል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ራጅ ሲያነሡ ስለኖሩ፣ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። የተሰበረ ክንድ፣ ሕፃን የዋጠው ቁልፍ፣ ውሃ የቋጠረ ሳንባ፤ በእጃቸው ያላለፈ ነገር የለም። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሰው ፊቱን ሊረሱት ይችላሉ፤ አጥንቱን ግን አይረሱም። «አንተ! የግራ ጎድንህ እንዴት ሆነ?» ሲሉት፣ ሰውየው ከስንት ዓመት በፊት ከደረጃ የወደቀበትን ቀን አስታውሶ ይስቃል።

በጥንቃቄ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። እርሳስ የተሰፋበትን ያን ከባድ ሽርጥ ሳይለብሱ ማሽኑን ነክተው አያውቁም። አስታማሚ ልቡ አልችል ብሎት ወደ ውስጥ ብቅ ካለ፣ እናትም ብትሆን፣ ትከሻዋን ይዘው ያስወጡና በሩን ይዘጉባታል። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣላቸው የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጨረር አይሸትም፣ አይጮህም፣ አያምም። የጎዳህ ዕለት ደህና ነኝ ብለህ ቤትህ ትገባለህ። የምታውቀው በኋላ ነው።»

ከሥራቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጨለማ ክፍሉን ነበር። በቀይዋ አምፖል ሥር ቆመው፣ ፊልሙ መድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ፣ ከባዶው ላይ መጀመሪያ የአከርካሪ ጥላ፣ ቀጥሎ ጎድን ከጎድን፣ መጨረሻ ላይ የልብ ጠርዝ ቀስ እያለ ሲወጣ ማየት አይሰለቻቸውም። የሚስታቸውንም ፊልም ያጠቡት በዚያችው ክፍል ነው። ሳል አልለቅ ብሏት «እስቲ ነይ ላንሣሽ» ብለው በገዛ እጃቸው አነሷት። ከቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ነገር ብቅ ሲል፣ በሩ ተንኳኩቶ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» እስኪባሉ ድረስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሐኪሙ ከማየቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል እሳቸው ብቻ ያውቁ ነበር። በስምንተኛው ወር ቀበሯት።

ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ መጣ። ጨለማ ክፍሉ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ።

ቤታቸው ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ጣራው ሜዳ፣ የውሃ ታንከርና የልብስ ማስጫ ገመድ ያለበት። ታች፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል፣ ልጃቸው የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታለች። ትዳሯ አልሰምር ብሎ በሠላሳ አራት ዓመቷ ሁለት ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና ይዛ የተመለሰች ሴት ናት። ሙያዋ ግን አንድም ቀን አላሳፈራትም። ቬሎ ሰፊ ናት፤ ዶቃውን በመርፌ አንድ በአንድ እየለቀመች ትሰፋለች፤ ሙሽሮች ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ይመጡላታል። አባቷ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውለው ሲገቡ አየችና አየችና አንድ ቀን፣

«አባዬ፣ እዚህ ተቀምጠህ ከምትቆዝም የሆነ ነገር ፈልግ። ደንበኞቼ ለቅሶ ቤት የገቡ እየመሰላቸው ነው» አለቻቸው።

የሆነ ነገር ፈለጉ። ሥራውን የተወ አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከነረጅም ሌንሱ ሲሸጥ ገዙት። መጀመሪያ ያነሡት ልጃቸውን ነው፤ በከንፈሯ ስፒል ነክሳ ስታጉረመርም። ሁለተኛዋ ጨረቃ ነበረች። አመሻሹ ላይ የተሰጣ ልብስ ሊያወርዱ ወጥተው፣ ከታንከሩ አናት ላይ ሙሉ ሆና ብትጠብቃቸው ሌንሱን አዞሩባት። ፎቶውን በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት፣ ጉድጓዷና ሸንተረሯ ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያዩት አጥንት ነው የመሰላቸው። ቁርሳቸው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው። ክንድ የምታህል ያገለገለች ቴሌስኮፕ ከነመቆሚያዋ ተገዛች፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተከመረ። ሳተርን የጤፍ ፍሬ አክላ የታየችበትን ፎቶ በፍሬም አድርገው ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀሉት። ልጃቸው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትስቅባቸው ነበር፤ ደንበኛ ስለ ፎቶው ሲጠይቃት ግን «አባቴ ነው ያነሣው» የምትልበት ድምፅ ከፍ ያለ ነው።

የሥነ ፈለክ ወዳጆች ማኅበር የሚባል ስብስብ ውስጥም ገቡ። አባላቱ ሃያ አይሞሉም፤ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ያወራሉ። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሲናገር እጁ የማያርፍ ጎልማሳ። አንድ ቀን ካርታ ዘርግቶ ወሬውን ያበሰራቸው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ የጥላው መንገድ በከተማቸው አናት ላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ድፍን ትላለች።

«እዚሁ ቦታ ላይ ቀጣዩ መቼ ነው?» ሲሉ ጋሽ ራጅ ጠየቁ።

«ሦስት መቶ ዓመት ገደማ፣ ጋሼ።»

«እሱ እንኳ ያመልጠኛል» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ጋሽ ራጅ የፈለጉት አንዲት ፎቶ ነበረች። ጨለማው ሲጀምርና ሲያበቃ፣ የፀሐይዋ የመጨረሻ ወይም የመጀመሪያ የብርሃን ጠብታ በጨረቃዋ ጠርዝ ላይ ቦግ ትላለች። ክቡ ቀለበት፣ ጠብታዋ ደግሞ የቀለበቱ ፈርጥ ትመስላለች። ከሁለት ከሦስት ሰከንድ አትቆይም። ለዚህች ሁለት ዓመት ተዘጋጁ። የካሜራውን ቁልፎች ዓይናቸውን ጨፍነው በዳበሳ እስኪያገኟቸው ድረስ ተለማመዱ። ለሌንሱም ለቴሌስኮፗም የፀሐይ ማጣሪያ አበጁ፤ ማጣሪያው የሚነሣው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችበት በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ብርሃኗ ከመመለሱ በፊት ደግሞ መመለስ እንዳለበት አሳምረው ያውቃሉ። ስልካቸው ላይ ጨለማው ሊያበቃ ሃያ ሰከንድ ሲቀረው የሚጮህና የሚንቀጠቀጥ ማስጠንቀቂያ ሞሉ።

ቀኑ ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳ ጀመር። «ጋሽ ራጅ፣ የድሮ ፊልም አጥተው አያጡም፤ አንዳንድ ይስጡንና ፀሐይዋን በሱ እንያት።» ማንም አልተሰጠውም። በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት ዓይንን እንደማይጠብቅ ሲያስረዱ ዋሉ፤ ትምህርት ቤቱ ያስመጣውን የግርዶሽ መነጽር ቤት ለቤት ዞረው አደሉ፤ በየበሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ለጠፉ፦ «ዓይን መለዋወጫ የለውም።» በዚያ ሰፈር በዚያን ቀን አንድም ሕፃን አልተጎዳም። ይህንን ኋላ ላይ ብዙ ሰው ሊያጽናናቸው ሲል ነግሯቸዋል።

ግርዶሹ የዋለው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጋሽ ራጅ ካሜራውን በአንድ በኩል፣ ቴሌስኮፗን በሌላ በኩል ተክለው ከጠዋት ጀምሮ ጣራ ላይ ናቸው። ልጃቸው ታች ሱቋ ውስጥ ቬሎዋን ልትለካ የመጣች ሙሽራ ይዛለች።

«ነይ እንጂ!» ብለው በደረጃው አፍ ተጣሩ።

«አባዬ፣ ሰርጓ ከነገ ወዲያ ነው፤ ወገቡ ገና ነው! ለጨለማ ጊዜ የለኝም!»

«ሦስት መቶ ዓመት ልትጠብቂ ነው?»

«እጠብቃለሁ፤ ቬሎው ነው የማይጠብቀኝ!»

የሙሽራይቱ ሳቅ እስከ ላይ ተሰማ።

ብርሃኑ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄደ። የልብስ ማስጫው ገመድ ጥላ እንደ ምላጭ ቀጠነ፤ ንፋሱ በረደ፤ ወፎቹ ዝም አሉ። ጨለማው ሊመጣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው የሌንሱን ማጣሪያ ሊያወጡ ቢያዞሩት አልዞርም አለ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብረት ነው፤ ሰፍቶ ነክሷል። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ ጥፍራቸው ተሰበረ። በሸሚዛቸው ጫፍ ይዘው በኃይል ሲያላቅቁት ከተማው በጩኸት ተናጋ፤ ቀና ሲሉ ፀሐይ የለችም። የመጀመሪያዋ ፈርጥ አምልጣቸዋለች።

«ወይኔ!» አሉ ብቻቸውን። ግን ለመቆጨትም ጊዜ አልነበረም። በፀሐይዋ ቦታ ጥቁር ክብ፣ በዙሪያው እንደ ነጭ ፀጉር የተበተነ ብርሃን። እጃቸው ራሱ ያውቀዋል፤ አነሣ፣ ቀየረ፣ አነሣ። የቴሌስኮፗንም ማጣሪያ አንሥተው አንድ ጊዜ አጮለቁ። ያዩትን ለብቻቸው ማየት አልቻሉም።

«ልጄ! ቶሎ! ቶሎ ነይ!»

ድምፃቸው ሌላ ድምፅ ስለነበር ልጅቷ ቬሎውንም ሙሽራዋንም ትታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። ቀና ስትል አፏን በእጇ ያዘች።

«አባዬ… ምንድን ነው ይሄ?»

«በዚህች እዪ፤ በዚህች ደግሞ ሌላ ነው። ጊዜው ሲያበቃ እኔ እሸፍነዋለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ እዪ።»

ቀኝ ዓይኗን ቴሌስኮፗ ላይ ደቀነች። «ውይ! ውይ አባዬ!» ትላለች። እሳቸው ወደ ካሜራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ስልኩ በደረት ኪሳቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰፈሩ በፉጨትና በጩኸት ስለተሞላ ድምፁ ለማንም አልተሰማም፤ ንዝረቱ ግን ከሸሚዛቸው አልፎ ጎድናቸው ላይ ደረሰ። ሃያ ሰከንድ። ከካሜራው እስከ ቴሌስኮፗ ሦስት እርምጃ ነው። የጨረቃዋ አንድ ጠርዝ መቅላት ጀምሯል፤ ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ፈርጥ በዚያ በኩል ልትወጣ ነው። አሁን እሄዳለሁ፣ አሉ በልባቸው። ቆይ፣ ትኩረቱን ብቻ ላስተካክል። ቆይ፣ አሁን። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። ፈርጧ ቦግ አለች፤ አነሷት፤ ደግመው አነሷት፤ ደግመው። ዞር ሲሉ ጣራው በብርሃን ተሞልቷል፤ ልጃቸው አሁንም ጎንበስ እንዳለች ናት።

«ተይ!» ብለው ጮኸው ክንዷን ያዙና ሳቧት።

እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «እንዴት ያምራል! ለካ ለዚህ ነው ያበድከው!» ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸውና ወደ ሙሽራዋ ወረደች።

ለቀሪው ቀን ጋሽ ራጅ ምንም አልሠሩም። ዕቃቸውንም አላወረዱም። ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ ወርደው በሩ ላይ ቆመው አይተዋታል፤ መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ደህና ናት፣ ብለው ተመለሱ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት አብርታ ዶቃውን ልትሰፋ ተቀመጠች። መርፌውን አነሣች፤ ክሩን በምራቋ አሾለች፤ አላስገባችውም። ደግማ ሞከረች። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ተነሣችና ፊቷን ታጠበች።

«አባዬ፣ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል መሰለኝ። ባጥበው አይለቅም።»

«ምን ይመስላል?» አሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ አላወቁትም።

«ጠብታ ነገር። የማየው ነገር መሀል ላይ ይቀመጣል። አሁን ግራዬን ስሸፍነው…» ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች፤ ወደ አባቷ ዞረች፤ ሳቅ አለች። «ፊትህ የለም። ጆሮህ አለ፣ ፊትህ የለም።»

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም አያመኝም።»

ጋሽ ራጅ በርጩማዋን ሳቡና ተቀመጡ።

በማግስቱ ይዘዋት የሄዱት እዚያው አርባ አንድ ዓመት ወደሠሩበት ሆስፒታል ነው። የዓይን ሐኪሟ በተማሪነቷ ፊልም ልትቀበል ምድር ቤት ስትመላለስ የሚያውቋት ናት። ለረጅም ጊዜ መረመረች፤ ከዚያ የዓይኗን የኋላ ግድግዳ ፎቶ አንሥታ ወደ ኮምፒውተሩ ጠራቻቸው። ብርቱካናማ ሜዳ፣ የደም ሥር ሐረግ፤ ትክክል መሀሉ ላይ እንደ ቀጭን ማጭድ የታጠፈች ትንሽ ጠባሳ። ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ራጅ አንብበው ጨርሰው ነበር።

«ተቃጥሏል፣ ጋሼ» አለች ዝግ ብላ። «በባዶ ዓይን ብታይ ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር። ሌንስ ግን… ያውቁታል። በስድስት ወር ውስጥ ጥቂት ሊሻሻል ይችላል፤ መሀሉን ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ ጠየቀች። «ማጣሪያ አልነበረውም?»

«ነበረው። ሙሉ ጨለማው ላይ ይነሣል። ሊያበቃ ሲል የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ሞልቼ ነበር።»

«እና?»

ጋሽ ራጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልጮኸም።»

ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣለች። እጇን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች። «ስልኩ አሮጌ ነው፣ ዶክተር። አባቴ ምን ያድርግ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እጅ ከጉልበታቸው ላይ አልነሣ አላቸው።

የሙሽራዋን ቬሎ ሌላ ሰፊ ጨረሰችው። ልጅቷ በግራ ዓይኗ ብቻ ለመልመድ ሞከረች። መንገድ መሄዱ፣ ምግብ መሥራቱ እምብዛም አልቸገራትም፤ ዶቃው ግን እምቢ አላት። መርፌው ወዲህ ነው ስትል ወዲያ ይሆናል፤ ጣቷን ትወጋለች፤ ነጭ ሐር ላይ የደም ነጥብ ታርፋለች። በሁለተኛው ወር የቬሎ ትእዛዝ መቀበል አቆመች። ማንንም አላማረረችም። «ይሁን፣ አደጋ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ» ትላለች፤ አባቷ እህል እምቢ ሲላቸው የምትቆጣውም እሷው ነበረች።

የማኅበሩ ጸሐፊ መጥቶ አዘነ፤ ተጽናኑ አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እንደው… ፎቶውስ?» ብሎ ጠየቀ። አላየሁትም አሉት። እውነታቸውን ነበር። ካሜራው ከግርዶሹ ማግስት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

ጥያቄው ግን ውስጣቸው ቀረ። አንድ ቀን ልጃቸው ገበያ ስትሄድ በሩን ቆልፈው ካሜራውን አወጡና ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈቷቸው። አንድ በአንድ አለፏቸው፤ ብዥ ያለ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ደህና የሆነ፤ ከዚያ ያቺ ፎቶ መጣች። ጥቁሩ ክብ፣ ዙሪያው ቀጭን ቀይ ክር፣ ነጩ ብርሃን ወደ ውጭ እየሳሳ ሲበተን እያንዳንዱ ዘለላ ይቆጠራል፤ ከቀኝ በላይ በኩል ፈርጧ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር አንሥተው አያውቁም። ማንም ያነሣው አልመሰላቸውም። ደስታው ከደረታቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ጋ ደረሰ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁሉንም ረሱ፤ በቃ አንድ ደስ ያለው ሽማግሌ ሆኑ። ከዚያ ታች የመንገዱ በር ሲንኳኳ ሰሙ። ልጃቸው ነበረች፤ በእጇ የያዘችው ዕቃ ከብዷት ክፈትልኝ እያለች ትጣራለች። ኮምፒውተሩን አጠፉ። ራሳቸውን እንደዚያን ሰዓት ጠልተው አያውቁም።

ያንኑ ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ ነገሯት።

«ጮኾ ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«ስልኩ። ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ በደንብ ተሰምቶኛል። ልሄድ ነበር፤ ፎቶዋን… የመጀመሪያዋ አምልጣኝ ነበርና ይቺን ብቻ ብዬ… ሃያ ሰከንድ ነበረኝ። ሦስት እርምጃ ነው። አልሄድኩም።»

ልጅቷ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«ለምን ነገርከኝ?» አለች።

«መዋሸቱ…»

«ለምን ነገርከኝ ነው የምልህ! አደጋ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። አደጋ ከሆነ የማንም አይደለም፤ ይቻላል። አንተን ቀለለህ፣ አይደል? አሁን እኔ ምን ላድርገው?»

«ልጄ…»

«ሐኪሟ ፊት ስልኩ አሮጌ ነው ብዬ የተከራከርኩልህ እኔ ነኝ፣ አባዬ። እኔ!» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላቸው ነበር። ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ አጠበቻቸው፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ተከራይና አከራይ ኖሩ። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ፤ ምሳ ተሸፍኗል፤ የውሃው ሰው መጥቶ ነበር፤ ከዚህ ያለፈ ቃል የለም። በአራተኛው ሳምንት የስፌት መኪናዋን ጭነው የሚወስዱ ሁለት ሰዎች መጡ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ መጋረጃና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ገብታለች፤ ቀጥ ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ ዶቃ የለውም። እዚያው አጠገብ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቤት ተጋርታለች።

ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «ፎቶው የታለ?» አለቻቸው።

«ቁም ሣጥን ውስጥ። አጠፋዋለሁ። ማንም አያየውም።»

«አታጠፋውም» አለች። «ለመምህሩ ስጠው፤ ይስቀሉት። ዓይኔ የተከፈለበት ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ አይበሰብስም።»

«አንቺስ ልታዪው…»

«እኔ አልፈልግም።»

ሰጡት። ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ ከሁሉም ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቀለ። ሰው ከሩቅ ሳይቀር እየመጣ አደነቀ። ጸሐፊው ሊወስዳቸው መኪና ይዞ ቢመጣ እንቢ አሉት፤ ያንኑ ዕለት ካሜራውንና ሌንሱን፣ ቴሌስኮፗንም ከነመቆሚያዋ ጫኑለት። «ተማሪዎችህ ይጠቀሙበት። ማጣሪያውን ግን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያ ሰው ደግሞ ፎቶ የሚያነሣው አይሁን» አሉት። መምህሩ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልገባውም፤ ግን እሺ አለ።

ልጃቸው እስከ ወሩ መጨረሻ አልመጣችም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣች፤ ሻይ ጠጣች፤ ስለ ጣራው ፍሳሽ ጠየቀችና ሄደች። ዐውደ ርዕዩ እስኪዘጋ ድረስ ሄዳ አይታው እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እሷም አልተናገረችም። በስድስተኛው ወር ሐኪም ዘንድ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጎን አድርጋ አሳየቻቸው፤ የማጭዷ ጫፍ ጥቂት አጥሯል፣ መሀሉ ግን እንደነበረ ነው። «ከዚህ በኋላ የሚለወጥ አይመስለኝም» አለች። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመለሱ ልጅቷ ስለ ወርክሾፑ አለቃ ክፋት ስታወራ መጣች፤ እሳቸውም «ኧረ! አይ አይ!» እያሉ አዳመጡ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ወርክሾፑ ውስጥ መኪናው የማይደርስበት፣ በእጅ የሚሰፋ ጠርዝ አይጠፋም፤ ክር ለማስገባት ስትታገል ደግሞ አለቃዋ ያያታል። ስለዚህ መርፌዎቿን በአንድ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትመጣና ለአባቷ ትሰጣቸዋለች። ሰባ ሦስት ዓመት የሞላው እጃቸው ሥራ ሲያገኝ አይንቀጠቀጥም። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ለሳምንቱ የሚበቃ፣ ሃያ በነጭ፣ አስር በጥቁር፣ አስር በሰማያዊ ክር ያስገቡላታል፤ እንዳይጠላለፍ እያንዳንዱን ለብቻው ጨርቁ ላይ ይሰኩታል። እሷ ያን ጊዜ ዕቃ ታጥባለች፤ ወይም ዝም ብላ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ትስቃለች፤ አንዳንዴ ሙሉ ቀን አትስቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ጨርቁን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት «ባለፈው ሰማያዊው አንሶኝ ነበር» አለቻቸው።

«አስራ አምስት አደርገዋለሁ» አሉ።

«ይበቃል።» ሹራቧን ለበሰች፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሰዓቷን አየች፤ ወጣች። ጋሽ ራጅ በሩን ዘጉና የሻይ ብርጭቆዎቹን አነሡ።